ጄኬሪ ዛሬም ያዋጣል?

«የተረከብኩት ድረገጽ በጄኬሪ የተሠራ ነው፤ ልማረው ወይስ ልጣለው?» ላልከው፣ ተማረው። አዲስ ሥራ ግን በእሱ አትጀምር። ጄኬሪ የጃቫስክሪፕት (የድረገጽ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ) ላይብረሪ፣ ማለትም አስቀድሞ የተጻፈ ኮድ ነው።

ጆን ሬሲግ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲያወጣው ብራውዘሮች አይግባቡም ነበር። ፋየርፎክስ ላይ የሚሠራ ኮድ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ላይ ድርቅ ይላል። ጄኬሪ ያንን ጣጣ አነሳልን። አጻጻፉም አጭር ነው፤ ፕለጊኑም (ሌሎች የሠሩለት ተጨማሪ) እንደ ጉድ ነው።

አሁን ብራውዘሮቹ ራሳቸው ተሻሽለዋል። ዳታ ከሰርቨር ለማምጣት ብራውዘሩ ውስጥ ያለው ፌች አለልህ። ለሁለት መስመር ሥራ ተጨማሪ ፋይል መጫን ምን ያደርጋል?

ዋናው ድክመቱ ግን ክብደቱ አይደለም (ተጨምቆ ሲላክ 30 ኪሎባይት ገደማ ነው)። ጉዱ የሚመጣው ገጹ ሲሰፋ ነው። ዳታው በየኤለመንቱ (በየገጹ ክፍልፋይ) ይበታተናል፤ የትኛው ኮድ ምኑን እንደቀየረ ማወቅ ያቅታል። እኔ አንድ ቁጥር ለምን ሁለቴ እንደሚደመር ስፈልግ ሙሉ ቀን ፈጅቻለሁ። ለካ ሲጫኑ የሚሠራው የክሊክ ኮድ አንዱ ቁልፍ ላይ ሁለት ጊዜ ታስሮ ኖሯል! ሪአክትና ቪው የተባሉት ሌሎች የጃቫስክሪፕት መሣሪያዎች የሚያቃልሉት ይሄን ዓይነቱን ነው።

ለጊዜው ያለውን አታፍርስ። ስሪቱ ከ3.5 በታች ከሆነ ግን ቶሎ አሻሽለው፤ በ3.5 የተደፈነ የደህንነት ቀዳዳ አለበት። ተጠቃሚ የጻፈውን ስታሳይም በኤችቲኤምኤል ሜተድ (እንደ ኮድ በሚያነበው) ሳይሆን በቴክስት (እንደ ተራ ጽሑፍ በሚያሳየው) አስገባ።