«እመጣለሁ አለ»፤ የሚመጣው ማን ነው? ስለ እንግሊዝኛ ሪፖርትድ ስፒች ጥያቄና መልስ

በደሴና በኮምቦልቻ ለረጅም ዘመን እንግሊዝኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የሰውን ንግግር ከዳይሬክት (ቃሉ እንዳለ በትእምርተ ጥቅስ ከተጠቀሰበት) ወደ ኢንዳይሬክት (ሌላ ሰው ወደሚያስተላልፍበት) ስለ መለወጥ ብዙ አባላት ስለጠየቃችሁ፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። የቴንስ፣ ማለትም የግሱን ጊዜ መለወጫ፣ ሰንጠረዥ በየመማሪያ መጽሐፉ ስላለ እዚህ አልዘረዝረውም። አንድ አደራ ግን አለኝ፤ ማን፣ ለማን፣ መቼና የት እንደተናገረ ሳትለዩ አንድም ቃል አትለውጡ።

የኮምቦልቻ ተማሪ፦ መምህር፣ እንደምን ዋሉ? የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሲምፕል ፕረዘንት ወደ ሲምፕል ፓስት፣ ፕረዘንት ፐርፌክት ወደ ፓስት ፐርፌክት፣ ዊል ወደ ዉድ፣ ካን ወደ ኩድ እንደሚለወጥ በቃሌ አውቃለሁ። ዓረፍተ ነገር ስሠራ ግን ዘወትር እሳሳታለሁ።

መልስ፦ ደህና ዋልክ ልጄ። ስህተቱ የመጣው ከራሳችን «አለ» ስለሆነ ሰንጠረዡን አትውቀሰው። በአማርኛ «ወንድሜ እመጣለሁ አለ» ስንል፣ ግሱ በአንደኛ መደብ ቢቀመጥም፣ የሚመጣው ወንድሜ መሆኑን የሚጠራጠር የለም። እንግሊዝኛ ይህን አይፈቅድም፤ ትእምርተ ጥቅሱ ከተነሣ በኋላ «አይ» ማለት ወሬውን የሚያደርሰው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ «ማይ ብራዘር ሴድ ዛት አይ ዉድ ከም» ብለህ ስትጽፍ፣ ዊልን በደንቡ መሠረት ወደ ዉድ ለውጠሃል፣ ነገር ግን ወንድምህን አስቀርተህ ራስህን መንገድ አስጀምረሃል። ትክክለኛው «ማይ ብራዘር ሴድ ዛት ሂ ዉድ ከም» ነው።

ይህን የተማርኩት በመጽሐፍ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ፣ ገና ወጣት ሳለሁ፣ ሰሜን ወሎ ውስጥ ለእርዳታ የመጡ የውጭ አገር ሰዎችን በአስተርጓሚነት አገለግል ነበር። አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋ ከነርሷ ፊት ቀረበችና «ልጄ እህል ከቀመሰ ሁለት ቀኑ ነው» አለች። እኔም ቃሏን ሳልቀንስና ሳልጨምር ማድረሴ ነበር፤ «ሺ ሴድ ማይ ቻይልድ ሃድ ኖት ኢትን ፎር ቱ ዴይስ» አልኩ። ነርሷ ብዕሯን ከወረቀቱ አንሥታ ወደ እኔ ዞረችና «ያንተ ልጅ የት አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ በዚያ ዕድሜዬ እንኳን ልጅ ሚስትም አልነበረኝም። «ኸር ቻይልድ» ማለት ይገባኝ እንደነበር የገባኝ እናትየዋ ግራ ተጋብታ ሁለታችንን ስታይ ነው። ቴንሱ ግን፣ ልብ በሉ፣ አንዲት ጉድለት አልነበረበትም።

መድኃኒቱ ይኸው ነው። ወደ እንግሊዝኛ ከመሻገርህ በፊት «አለ»ን ጥለህ ዓረፍተ ነገሩን በ«እንደ» አድርገህ በአማርኛ ተናገረው፤ «እመጣለሁ አለ» የሚለው «እንደሚመጣ ነገረኝ» ይሆናል። «እመጣለሁ» ወደ «እንደሚመጣ» ሲዞር መደቡ በራሱ ጊዜ ተስተካከለ። ከዚህ በኋላ የሚቀርህ ጊዜው ብቻ ነው፤ አማርኛ «እንደሚመጣ» ሲል ጊዜውን ወደ ኋላ ስለማይመልስ፣ ያን ከሰንጠረዡ ታገኛለህ።

የሐይቅ አባል፦ «ሂ ሴድ ሚ» ብዬ ስጽፍ ሁልጊዜ በቀይ ይሰረዝብኛል። ምኑ ነው የተሳሳተው?

መልስ፦ ይህም የእኛው «አለኝ» ያመጣው ነው። በአማርኛ «አለ» አድማጩን በጀርባው ያዝላል፤ አለኝ፣ አለህ፣ አላት እንላለን። «ሴድ» ግን አድማጭ አያዝልም። አድማጩን መጥቀስ ከፈለጉ «ሂ ቶልድ ሚ» ይበሉ፤ «ሂ ሴድ ቱ ሚ» ማለትም ይቻላል። በአንጻሩ «ሂ ቶልድ ዛት» ብሎ አድማጩን መተው አይሆንም። «ሴድ»ን «አለ»፣ «ቶልድ»ን «ነገረው» ብለው ቢይዙ አይስቱም።

የደሴ ተማሪ፦ ቴንስ እንዴት ነው የሚቀየረው?

መልስ፦ በመግቢያዬ ላይ ተናግሬአለሁ፤ መማሪያ መጽሐፍህን ግለጥ።

የመርሳ አባል፦ ጥያቄ የሆነውን ዓረፍተ ነገርስ? «ዌር አር ዩ ጎይንግ?» የሚለውን ልጄ «ሂ አስክድ ሚ ዌር ዎዝ አይ ጎይንግ» ብሎ ለውጦ ዜሮ አገኘ።

መልስ፦ ልጅዎ መደቡንም ጊዜውንም አግኝቷል፤ የሳተው ቅደም ተከተሉን ነው። ጥያቄው ከተላለፈ በኋላ ጥያቄ መሆኑ ስለሚቀር ባለቤቱ ከግሱ ይቀድማል፤ «ሂ አስክድ ሚ ዌር አይ ዎዝ ጎይንግ» ይሆናል፤ የጥያቄ ምልክቱም ይወድቃል። እዚህም «እንደ» ትረዳለች። «የት እንደምሄድ ጠየቀኝ» ስንል በአማርኛችንም ጥያቄው ወደ ተራ ሐተታ ተለውጧል።

አዎን ወይም አይደለም ተብሎ ለሚመለስ ጥያቄ ደግሞ «እንደሆነ» አለልን። «ሰኞ ባቲ ገበያ ትሄጃለሽ?» የሚለው «ሰኞ ባቲ ገበያ እሄድ እንደሆነ ጠየቀችኝ» ይሆናል፤ ያቺን «እንደሆነ» ነው እንግሊዝኛው «ኢፍ» ወይም «ዌዘር» የሚላት። «ሺ አስክድ ሚ ዛት» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ በየዓመቱ ይገጥመኝ ነበርና፣ ይህን አትጻፉ። ትእዛዙ ከሁሉም ይቀላል፤ «እንድጠብቅ ነገረኝ» «ሂ ቶልድ ሚ ቱ ዌይት» ነው፣ «እንዳልረሳ ነገረኝ» ደግሞ «ሂ ቶልድ ሚ ኖት ቱ ፎርጌት»።

የባቲ አባል፦ «ቱሞሮው» ሁልጊዜ ወደ «ዘ ኔክስት ዴይ»፣ «ሂር» ሁልጊዜ ወደ «ዜር» ይለወጣል ወይ?

መልስ፦ «ሁልጊዜ» የምትለዋን ቃል ከዚህ ትምህርት ያውጧት። እርስዎ ባቲ ሆነው ሰኞ ጠዋት በስልክ «ነገ እዚህ እቆያለሁ» ብለውኛል እንበል። እኔ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ደሴ ላይ ሳወራው «ነገ» አሁንም ነገ ነውና «ቱሞሮው» እንዳለ ይቀመጣል፤ ባቲ ግን ለእኔ «እዚህ» ስላልሆነች «ሂር» ወደ «ዜር» ይለወጣል። ሐሙስ ባወራው ሁለቱም ይለወጣሉ። ባቲ ድረስ መጥቼ እዚያው ሆኜ ባወራው ደግሞ «ሂር» አይነካም። ማን፣ ለማን፣ መቼና የት የምላችሁ ለዚህ ነው።

የወልድያ መምህርት፦ ይቅርታ መምህር፣ እኔ ግን ተማሪዎቼን ሲምፕል ፓስት ያለ ምንም ልዩነት ወደ ፓስት ፐርፌክት እንዲለውጡ ነው የማስተምረው። «ዘ ትሪቲ ኦፍ ውጫሌ ዎዝ ሳይንድ ኢን 1889» የሚለው ሲተላለፍ «ሃድ ቢን ሳይንድ» ካልሆነ ማርክ አልሰጥም።

የውጫሌ አባል፦ ውሉ እኛ አገር የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። እንዴት 1889 ሆነ?

የወልድያ መምህርት፦ ወንድሜ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ዓረፍተ ነገሩ እንግሊዝኛ ነው።

የውጫሌ አባል፦ እሺ፣ ይሁን። ለነገሩ አንቀጽ 17 ራሱ የትርጉም ስህተት አይደል?

የወልድያ መምህርት፦ ስህተት አይደለም፤ ታስቦበት የተሠራ ተንኮል ነው።

የውጫሌ አባል፦ አስተርጓሚው እንደዚያ ማሰቡን በምን አወቁ?

መልስ፦ የአስተርጓሚውን ልብ ለታሪክ ሰዎች እንተውላቸው፤ ለእኛ የሚጠቅመን ግሱ ነው። የአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ ኢጣሊያ የራሷን ቅጂ ይዛ ግዴታ አለባቸው አለች። «ካን» ሲተላለፍ «ኩድ» ይሆናል፤ «መስት» ግዴታን ሲገልጽ «ሃድ ቱ» ይሆናል። የአንዱን ለሌላው የሰጠ ሰው የተናጋሪውን ሐሳብ ለውጧል፤ ይህ ቴንስ ከመሳት የከፋ ነው።

ወደ መምህርቷ ልመለስ። እቴ፣ በዚህ አልስማማም። ዓመተ ምሕረቱ ተጠቅሶ ሳለ የትኛው እንደቀደመ የሚያደናግር ነገር ስለሌለ፣ «ዎዝ ሳይንድ» ብሎ የተወም «ሃድ ቢን ሳይንድ» ብሎ የለወጠም ትክክል ነው። «መሬት በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች» በሚለው ዓይነት ዘወትር እውነት በሆነ ነገርም ፕረዘንቱን እንዳለ መተው ይቻላል። አስተላላፊው ግስ ራሱ ፕረዘንት ከሆነ፣ ማለትም «ሂ ሴዝ» ካለ፣ ቴንሱ ጨርሶ አይለወጥም።

የወልድያ መምህርት፦ የፈተናው መልስ መስጫ ግን አንዱን ብቻ ነው የሚቀበለው።

መልስ፦ በምርጫ ፈተና ላይ የተለወጠውን ያክብቡ ይበሏቸው። በድርሰት ላይ ግን ያልለወጠውን ልጅ አይቅጡት።

የደሴ ተማሪ፦ መምህር፣ አጭር ኖት በፒዲኤፍ ቢልኩልን? ቴንሱንም ቢያካትቱበት።

መልስ፦ የለኝም። ቢኖረኝም አልልክም፤ ሰንጠረዥ እንደማያድን ከላይ አንድ ታሪክ ጽፌልሃለሁ።

የኩታበር አባል፦ «አባቴ ቶሎ ና አሉኝ» የሚለውን «ማይ ፋዘር ዜይ ቶልድ ሚ» ብዬ ጽፌ ተሳቀብኝ።

መልስ፦ አክብሮትዎ አያሳፍርም፤ እንግሊዝኛው ግን አንቱታ የለውምና አባትዎ «ሂ» ናቸው። «ማይ ፋዘር ቶልድ ሚ ቱ ከም ኩዊክሊ» ይበሉ። «ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው አሉ» በሚለው ውስጥ ያለው «አሉ» ደግሞ ማን እንዳለው የማይታወቅ ወሬ ነው፤ እርሱን «ፒፕል ሴይ ዛት» ብለው ይጀምሩት።

የደላንታ አባል፦ «በሁለት ሰዓት እመጣለሁ» ያለኝን ለፈረንጅ ሳስተላልፍ «አት ቱ» ልበል?

መልስ፦ ጠዋት ከሆነ «አት ኤይት» ይበሉ፤ አለዚያ ፈረንጁ ስድስት ሰዓት ሙሉ ዘግይቶ ይመጣል። ይህ የሰዓት ጉዳይ ስለሆነ አላራዝመውም።

የኮምቦልቻ ተማሪ፦ መምህር፣ በነገሩኝ መሠረት አንድ ሠርቻለሁ። እናቴ «መጽሐፍህን ነገ እልክልሃለሁ» አለችኝ። መጀመሪያ «መጽሐፌን በማግሥቱ እንደምትልክልኝ ነገረችኝ» አልኩት፤ ከዚያ «ማይ ማዘር ቶልድ ሚ ዛት ሺ ዉድ ሴንድ ሚ ማይ ቡክ ዘ ኔክስት ዴይ» ብዬ ጻፍኩት።

መልስ፦ መደቡ ተስተካክሏል፤ «ቶልድ ሚ»ም በቦታው ገብቷል። እናትህ ይህን የነገረችህ መቼ ነው?

የኮምቦልቻ ተማሪ፦ ዛሬ ጠዋት ነው።

መልስ፦ እንግዲያው መጽሐፉ ገና አልተላከም፤ ማግሥቱም ነገ ነው። «ቱሞሮው» ብለህ አስተካክለው።