የባትሪው ሳጥንና የቤቱ ዋይፋይ ሲኳረፉ፦ ጥያቄና መልስ

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የፀሐይ ኃይልና የቤት ባትሪ በመግጠም ሥራ የምተዳደር ባለሙያ ነኝ። ባትሪ ያስገጠሙ ወገኖች ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ባትሪው ሳይሆኑ ባትሪውን ከኢንተርኔት ጋር ስለሚያገናኘው ዋይፋይ ናቸው፤ ስለዚህ ዛሬ ጥያቄዎቹን በአንድ ላይ ተቀብዬ እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ላስይዝ። ከባትሪው የሚነሣው መረጃ እጅዎ ላይ እስኪደርስ ድረስ አምስት ቦታ ይቀባበሉታል፤ ከባትሪው ጋር ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የመቆጣጠሪያ ሳጥን ይልከዋል፣ ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ራውተር ይቀበለዋል፣ የኢንተርኔት አቅራቢው መስመር ያሻግረዋል፣ የአምራቹ ሰርቨር ያስቀምጠዋል፣ በመጨረሻም ስልክዎ ላይ ያለው መተግበሪያ ያሳየዋል። መተግበሪያው «ግንኙነት የለም» ሲል ከአምስቱ አንዱ ማቀበሉን አቁሟል ማለቱ ነው እንጂ ባትሪው ተበላሽቷል ማለቱ አይደለም። የትኛው እንዳቆመ ሳይለዩ ቁልፍ መጫን የሚጀምሩ ሰዎች ቀላሉን ችግር ከባድ ሲያደርጉት ደጋግሜ አይቻለሁ።

ጥያቄ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጤና ይስጥልኝ። መተግበሪያው ከባትሪው ጋር መገናኘት ካቆመ ሦስት ቀኑ ነው። የቤቱ መብራት በደንብ ይሠራል። ባትሪው መሙላት አቁሞ ይሆን? በሐሳብ እንቅልፍ አጣሁ።

መልስ፦ ተኝተው ይደሩ። ባትሪው መቼ እንደሚሞላና መቼ ኃይል እንደሚሰጥ የሚወስነው እዚያው ግድግዳዎ ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ነው፤ ከመንገድ የሚመጣው መብራት ቢቋረጥም ያለ ኢንተርኔት ቤቱን ይይዘዋል። የሚያጡት ሌላ ነው፤ ከርቀት መመልከትንና ማዘዝን፣ የሶፍትዌር ማሻሻያን፣ ከባድ ማዕበል ሲተነበይ ባትሪውን አስቀድሞ የሚሞላውን አገልግሎት ያጣሉ። ሦስት ቀን ምንም አይደለም። ሦስት ወር ግን ሊያሳስብዎ ይገባል፤ ምክንያቱም አንዳንድ አምራቾች መሣሪያው ለረጅም ጊዜ ከኢንተርኔት ተለይቶ ከቆየ የ10 ዓመቱን ዋስትና በሙሉ ላያከብሩ እንደሚችሉ በውላቸው ውስጥ ጽፈዋል። ውሉን ከመሳቢያ አውጥተው ይህን አንቀጽ ይፈልጉት።

ጥያቄ፣ ከአሌክሳንድሪያ፦ የኢንተርኔት ድርጅት ቀይረን አዲስ ራውተር ገባልን። ስልኮቹም ቴሌቪዥኑም ወዲያው ሠሩ፤ ባትሪው ግን እምቢ አለ። ባለሙያ ሊመጣ ገንዘብ ጠይቆናል።

መልስ፦ ገንዘቡን ገና አይክፈሉ። ሳጥኑ የሚያስታውሰው የድሮውን ኔትወርክ ስምና የይለፍ ቃል ነው፤ ስልኮቹ የሠሩት እርስዎ በእጅዎ አዲሱን ስላስገቡላቸው ነው። ከሁሉ የሚቀለው መፍትሔ ሳጥኑን ሳይነኩ ለአዲሱ ራውተር የድሮውን ስምና የድሮውን የይለፍ ቃል መስጠት ነው፤ ትልቅና ትንሽ ፊደሉ፣ በመሃል ያለው ክፍት ቦታ ሳይቀር አንድ ዓይነት ከሆነ ሳጥኑ የድሮው ራውተር የተመለሰ መስሎት ራሱ ይገባል።

እንዲህም ተደርጎ ካልገባ በራውተሩ ውስጥ ሁለት ነገሮችን ይመልከቱ። አንደኛው ሞገዱ ነው። ብዙ የባትሪ መቆጣጠሪያዎች የሚያውቁት 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን ሞገድ ብቻ ሲሆን አዳዲስ ራውተሮች ግን 2.4ቱንና 5ቱን በአንድ ስም አጣምረው ያቀርባሉ፤ አንዳንድ መሣሪያ በዚህ ግራ ስለሚጋባ ለ2.4ቱ የተለየ ስም መስጠት፣ አለዚያም ሳጥኑ እስኪገባ ድረስ 5ቱን ማጥፋት ይረዳል። ሁለተኛው የምስጠራው ዓይነት ነው። ራውተሩ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን ደብሊው ፒ ኤ 3 ብቻ እንዲቀበል ተደርጎ ከሆነ የቆየ ሳጥን ሊገባበት አይችልም፤ ደብሊው ፒ ኤ 2ን ወይም ሁለቱን አብሮ የሚያስተናግደውን ምርጫ ይውሰዱ።

የድሮውን ስም መመለስ ካልፈለጉ ደግሞ ብዙዎቹ ሳጥኖች ራሳቸው የሚያሰራጩት ትንሽ ኔትወርክ አላቸው፤ ስሙና የይለፍ ቃሉ በሳጥኑ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። በእርሱ ገብተው በመተግበሪያው በኩል አዲሱን ዋይፋይ ይመርጡለታል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ ያ ትንሽ ኔትወርክ ኢንተርኔት ስለሌለው ስልኩ ሳይነግርዎ ወደ ሞባይል ዳታ ይሸሻል። ሥራው እስኪያልቅ ሞባይል ዳታውንና፣ ካለዎት ቪፒኤኑን (የስልኩን ግንኙነት በሌላ ቦታ አዙሮ የሚወስደውን መተግበሪያ) ያጥፉ፤ ስልኩ አይፎን ከሆነም መተግበሪያው በቤት ውስጥ ኔትወርክ ያሉ መሣሪያዎችን እንዲያይ የሚጠይቅዎትን ፈቃድ አይከልክሉት።

ጥያቄ፣ ከአንዲት እናት፦ ልጆቼ ፊደሉን እንዲለማመዱት ብዬ የቤታችንን ዋይፋይ በአማርኛ «የእማማ ቤት» ብዬ ሰይሜዋለሁ። ስልኮቹ ያነቡታል፤ የባትሪው መተግበሪያ ግን የተዘበራረቁ ምልክቶች ያሳየኛል፣ ስመርጠውም አይገባም።

መልስ፦ ሐሳብዎን ወድጄዋለሁ፤ ሳጥኑ ግን ፊደል አልቆጠረም። የዋይፋይ ስም ቢበዛ 32 ባይት ይይዛል። አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲወስድ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ፣ ከ10 ፊደል የሚበልጥ የአማርኛ ስም ጨርሶ አይገባም። የእርስዎ ስም 6 ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ፣ በድምሩ 19 ባይት ስለሆነ በርዝመቱ አልተጣለም፤ ችግሩ ብዙ ትናንሽ መሣሪያዎች ከእንግሊዝኛ ፊደል ውጭ ያለውን እንዲያነቡ ተደርገው አለመሠራታቸው ነው። የይለፍ ቃሉ ደግሞ ከ8 እስከ 63 የሚደርሱ የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ቁጥሮችና ምልክቶች እንዲሆን በዋይፋይ ደንብ የተወሰነ ስለሆነ በግዕዝ መጻፍ አይቻልም። ራውተርዎ ሁለተኛ ስም እንዲያወጡ የሚፈቅድ ከሆነ «የእማማ ቤት»ን ለልጆቹ ይተዉላቸውና ለባትሪው በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ አጭር የእንግሊዝኛ ስም ያውጡለት።

ጥያቄ፣ ከጀርመንታውን፦ ባትሪው ጋራዥ ውስጥ ነው። ቀን ይገናኛል፣ ማታ ይጠፋል። የሲግናል ማባዣ ገዝቼ ባትሪው አጠገብ ሰካሁ፤ ምንም ለውጥ የለም።

መልስ፦ ማባዣው የሚያባዛው የደረሰውን ነው። ደካማ ሲግናል በሚደርስበት ቦታ ሲሰኩት ድካሙን መልሶ ያሰራጨዋል፤ ቦታው በራውተሩና በባትሪው መካከል፣ የራውተሩ ሲግናል ገና ጠንካራ በሆነበት ስፍራ ነው። መተግበሪያው የሲግናሉን መጠን በቁጥር የሚያሳይ ከሆነ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ተደርጎ ይጻፋል፣ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠንም ይሻላል፤ -60 ጤናማ ነው፣ -70 ጠርዝ ላይ ነው፣ -80 ከሆነ አንድ ሰው በሩን ሲዘጋ እንኳ ሊቋረጥ ይችላል። ማታ ማታ የሚጠፋው ጎረቤቱ ሁሉ ከሥራ ገብቶ በተመሳሳይ የዋይፋይ መስመር (ቻናል) ላይ ስለሚጨናነቅ ይሆናል። በ2.4 ጊጋኸርዝ እርስ በርስ የማይደራረቡት መስመሮች 1፣ 6 እና 11 ናቸው፤ ራውተሩ ራሱ ይምረጥ ከተባለበት አውጥተው ከሦስቱ ጭር ያለውን ይስጡት።

ጋራዥን በተመለከተ አንድ ገጠመኝ ላንሳ። ለዓመት ያህል ያለ እንከን ሲሠራ የቆየ ባትሪ ድንገት ጠፍቶ ተጠራሁና ከሁለት ሰዓት በላይ ራውተር ስመረምር ቆየሁ። መጨረሻ ላይ የቤቱ እመቤት ለፋሲካ ሥጋ ማስቀመጫ ብለው ያስገቡት ትልቅ ፍሪዘር ከመቆጣጠሪያው ሳጥን ፊት ለፊት እንደቆመ አስተዋልኩ። ብረት የዋይፋይ ሞገድን አያሳልፍም። ፍሪዘሩን አንድ ሜትር ወደ ጎን ገፋነው፤ ባትሪው ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በመጀመሪያ የምጠይቀው «ምን ዕቃ ገዛችሁ?» ብዬ ነው።

አቅም ከፈቀደ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ከራውተሩ እስከ ሳጥኑ ኢተርኔት የሚባለውን የኔትወርክ ኬብል መዘርጋት ነው። እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ይደርሳል፣ ጎረቤትም ፍሪዘርም አይነካውም። ሳጥኑን ከፍቶ ኬብሉን ማስገባት የባለሙያ ሥራ ነው።

ጥያቄ፣ ከፌርፋክስ፦ ባለፈው ማዕበል መብራት ሲጠፋ ባትሪው ቤቱን ያዘልን፤ ኢንተርኔቱ ግን ያኔውኑ ሄደ። ይህን ሁሉ ገንዘብ ያወጣነው ለዚህ ነበር?

መልስ፦ ቅሬታዎ ተገቢ ነው፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የባትሪው አይደለም። በመጀመሪያ ራውተሩ የተሰካበት ሶኬት ባትሪው ከሚደግፋቸው መስመሮች ውስጥ መሆኑን ያረጋግጡ። ባትሪ ሲገጠም ምድጃውንና ትልቁን የቤት አየር ማቀዝቀዣ ከድጋፍ ውጭ ማድረግ የተለመደ ስለሆነ፣ በዚያው የራውተሩም ብሬከር ሳይታሰብ ውጭ ቀርቶ ይገኛል። ፋይበር ያላቸው ቤቶች ከራውተሩ ሌላ ፋይበሩን ከመንገድ የምትቀበል ትንሽ ሳጥን አለቻቸው፤ እርሷ ቤዝመንት ውስጥ በሌላ ሶኬት ላይ ተሰክታ ከሆነ ራውተሩ ቢበራም ኢንተርኔት የለም። ሁለቱ አንድ ላይ ወደ 20 ዋት ይፈጃሉ ብንል በቀን ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት የማይሞላ ነው፤ 13.5 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዘው የቴስላ ፓወርዎል 2 ሌላ ምንም ባይጫንበት በወረቀት ስሌት ለአራት ሳምንት ያህል ያኖራቸዋል። ስለዚህ እነርሱን ከድጋፍ ውጭ የሚያስቀር ምክንያት የለም።

ሁለቱም ከበሩ በኋላ ኢንተርኔት ከሌለ ችግሩ ከግቢዎ ውጭ ነው። በተለይ በኬብል ቴሌቪዥን መስመር የሚመጣ ኢንተርኔት በየሰፈሩ ባሉ ኤሌክትሪክ በሚፈልጉ ሳጥኖች ውስጥ ያልፋል፤ እነዚህ ሳጥኖች መጠባበቂያ ባትሪ ቢኖራቸውም ለሰዓታት እንጂ ለቀናት አይደለም፤ ያ ሲያልቅ የእርስዎ ቤት በብርሃን ቢሞላም መስመሩ ሞቷል። ራውተሩ ጠፍቶ በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ ራሱ የሚመለስ ከሆነ ግን ከመንገድ ወደ ባትሪ ሲዛወር በሚፈጠረው ቅጽበታዊ መቆራረጥ እንደገና መነሣቱ ነው፤ ለእርሱ አንዲት ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲቆራረጥ ዕቃውን ለጥቂት ጊዜ የምትይዝ መጠባበቂያ ባትሪ) ትበቃዋለች።

ጥያቄ፣ ከአዲስ አበባ፦ ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ የሚሆን ኤሌክትሪክ የሚያደርገውን መሣሪያ) እና ሊቲየም ባትሪ አስገጥመናል። ኢንቨርተሩ ላይ የምትሰካው የዋይፋይ ስቲክ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ትጠፋለች፤ ነቅዬ ስሰካት ትመለሳለች። ዕቃው ያለው ሰርቪስ ቤት ነው።

መልስ፦ የእርስዎ ራውተር ኢንቨርተሩ ከሚመግበው ሶኬት ላይ ሳይሆን በቀጥታ ከቆጣሪ በሚመጣው መስመር ላይ ተሰክቶ ይመስለኛል። መብራት ሲሄድ ኢንቨርተሩና ስቲኳ ነቅተው ይቆያሉ፣ ራውተሩ ግን ይሞታል፤ ስቲኳ የሚያናግራት አጥታ ደጋግማ ትሞክርና ትተወዋለች። ራውተሩንና የፋይበሩን ሞደም ወደ ኢንቨርተሩ መስመር ያዛውሯቸው፤ አብዛኛው ችግር እዚያው ያበቃል። ከዚያ በኋላም ከቀጠለ በራውተሩ ውስጥ ለስቲኳ ቋሚ የኔትወርክ አድራሻ ይያዙላት፤ ራውተር ተነሥቶ አድራሻ ሲያድል ያንኑ ቁጥር ለሌላ ስልክ ሰጥቶባት ሊሆን ይችላል። ሰርቪስ ቤቱ በቆርቆሮ የተከበበ ከሆነም ለጀርመንታውኑ ወንድማችን ስለ ብረት ያልኩትን ያንብቡ።

ጥያቄ፦ የስልኬን ሆትስፖት ለባትሪው ብሰጠውስ?

መልስ፦ ለምርመራ በጣም ጥሩ ነው፤ በሆትስፖት ገብቶ በቤቱ ዋይፋይ እምቢ ካለ ጥፋቱ ከሳጥኑ ይልቅ የራውተሩ ወይም የኢንተርኔቱ መስመር ሊሆን ይችላል። ለዘወትር ግን አይሆንም፤ እርስዎ ከቤት ሲወጡ ኢንተርኔቱም ይወጣልና። አይፎን ከሆነ ተኳኋኝነትን የሚያሰፋውን ምርጫ (Maximize Compatibility) ያብሩ፣ ወደ 2.4 ጊጋኸርዝ ይመልሰዋል።

ጥያቄ፦ ሰው ሰብሮ ገብቶ ባትሪዬን እንዳያዝዘው እፈራለሁ። ደግሞም አንድ ዘመድ ራውተሩ ላይ ፖርት (ከውጭ ወደ ቤቱ ኔትወርክ የሚያስገባ በር) መክፈት አለብህ ብሎኛል።

መልስ፦ ፖርት አይክፈቱ። ሳጥኑ ራሱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይደውላል እንጂ ከውጭ የሚጠራው አያስፈልገውም። ለእንግዶች የሚሰጠውን ኔትወርክ ለባትሪው ቢሰጡት ከቤቱ ኮምፒውተሮች ይለይልዎታል፤ በመተግበሪያው መከታተልም አይቋረጥም።

ጥያቄ፣ እንደገና ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ያሉትን ሁሉ አደረግሁ። ስልኬን ሳጥኑ አጠገብ ይዤ ስሞክረው ኢንተርኔቱ ይፈጥናል። ተመሳሳይ ባትሪ ያላቸው ጎረቤቴም ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ጠፍቶባቸዋል። አጥፍቼ ላብራው?

መልስ፦ የጎረቤትዎ ዛሬ የጠፋው አምራቹ ሰርቨር ጋር ባለ ችግር ሊሆን ስለሚችል እስከ ነገ ይታገሡት። የእርስዎ ግን ከጎረቤትዎ በፊት ሦስት ቀን ስለቀደመ የራሱ ምክንያት ይኖረዋል። ራውተሩን ነቅለው፣ አንድ ደቂቃ ቆይተው ይሰኩና አምስት ደቂቃ ይጠብቁ። ከዚያ በኋላ የመመሪያው መጽሐፍ የሚፈቅድ ከሆነ ብቻ፣ በተጻፈው ቅደም ተከተል የመቆጣጠሪያ ሳጥኑን እንደገና ያስነሡ። ሁሉን የሚሰርዘውን የፋብሪካ ቁልፍ አይጫኑ፤ ገጣሚው ያስገባውን ቅንብር ሊያጠፋው ይችላል። ክዳን ደግሞ በምንም ምክንያት አይክፈቱ፤ ማብሪያው ቢዘጋም ከባትሪውና ከፀሐይ ሰሌዳው የሚመጣው ኤሌክትሪክ ውስጥ ይቀራል። ነገም ካልተመለሰ ገጣሚውን ሲደውሉለት የሳጥኑን መለያ ቁጥር፣ የመብራቷን ቀለም፣ የሲግናሉን መጠን፣ ግንኙነቱ የጠፋበትን ቀንና ሰዓት ጽፈው ይያዙ፤ ይህን የያዘ ደንበኛ ሲደውል እኔ ግማሹን ሥራ በስልክ ላይ እጨርሳለሁ።