ሙዙ ከአርባ ምንጭ፣ ጎመኑ ከወንዙ ዳር

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች ከአዲስ አበባ ዳርቻ የመጡ ናቸው። ከሩቅ ተጭኖ የሚመጣ ምግብ አየሩን ይጎዳል ሲባል ሰምታችሁ ግራ የገባችሁ ብዙ ናችሁ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በመኪናዬ ኃይሌ ጋርመንት አትክልት ገበያ እሄዳለሁ፤ ደርሶ መልሱ 20 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የአርባ ምንጭን ሙዝ ልተወው?

መልስ፦ አይተዉት። እስቲ አብረን እናስላ። አምስት ቶን የጫነ አይሱዙ በ100 ኪሎ ሜትር 20 ሊትር ናፍጣ ይፈጃል እንበል። መንገዱ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ 100 ሊትር መሆኑ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ማለትም ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ፣ ይወጣዋል። ለአንድ ኪሎ ሙዝ ሲካፈል 54 ግራም ይደርሰዋል። መኪናው ባዶውን ቢመለስ እንኳ ከእጥፍ አያልፍም። የእርስዎ መኪና ሁለት ሊትር ቤንዚን ከፈጀ ግን 4.6 ኪሎ ይለቃል፤ አሥር ኪሎ አትክልት ከገዙ በኪሎ 460 ግራም! ከሰፈርዎ ጉልት ይግዙ፤ ካልሆነም ከጎረቤት ጋር ተራ ይግቡ።

እኔን የሚያንገበግበኝ የሚበሰብሰው ነው። ከመቂ የመጣ የቲማቲም ሳጥን ሲከፈት አይቻለሁ፤ የላይኛው ደህና፣ የታችኛው ተጨፍልቆ በጣውላው መሃል ውሃው ይንጠባጠባል። 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ተጉዞ! የጠጣው ውሃ፣ የበላው ማዳበሪያ ሁሉ ከንቱ ቀረ።

ጥያቄ፦ ኮዬ ፈጬ ነኝ። በአቃቂ ወንዝ ውሃ የሚለማው ጎመን ቅርባችን ስለሆነ ለልጆቼ እሱን ነው የምሠራላቸው። ጥሩ አደረግኩ?

መልስ፦ እህቴ፣ እሱን ይተዉት። ወንዙ የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ ይዞ ነው የሚወርደው። በዚህ ውሃ በሚለሙ አትክልቶች ላይ እንደ ክሮሚየምና ካድሚየም ያሉ ለጤና ጎጂ ብረቶች ተገኝተዋል። ቅጠሉ ውስጥ የገባውን ብረት ማጠብም መቀቀልም አያወጣውም። በጉድጓድ ወይም በዝናብ ውሃ የለማ፣ ከራቀ ቦታ የመጣ ጎመን ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከጥቁር ባሕር የሚመጣው ስንዴስ?

መልስ፦ መርከብ ብዙ ስለሚጭን ለአንድ ኪሎ የሚደርሰው ነዳጅ ትንሽ ነው። ከጅቡቲ ወዲህ ያለው የከባድ መኪና ጉዞ በኪሎ ሜትር ሲሰላ ከባሕሩ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በኤሌክትሪክ በሚሄደው ባቡር ቢጫን ይቀንሳል፤ መብራታችን በአብዛኛው ከውሃ ነውና።

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ላሞች አሉኝ። ወተቴ ለከተማው ቅርብ ስለሆነ አየሩን አይጎዳም ማለት እችላለሁ?

መልስ፦ ለወተት መንገዱ ትንሹ ነገር ነው፤ ትልቁ ላሟ ስታመሰኳ የምታወጣው ሚቴን የተባለ ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ነው። ጥሩ መኖ አግኝታ ብዙ የምትታለብ አንዲት ላም ጥቂት ከሚሰጡ ሦስት ላሞች ትሻላለች። ከመንገዱ በፊት ስለ መኖው ያስቡ።