«ዶክተሩ ሲመጣ እነግረዋለሁ»

ጥያቄ፦ የ68 ዓመት እናቴን ለደም ግፊት ክትትል መሐል ከተማ ወደሚገኝ አንድ የሕክምና ተቋም ወስጃቸው ነበር። የተቀበለችን ወጣት ሴት ሰማያዊ ስክራብ (ሸሚዝና ሱሪ የሆነ የሆስፒታል የሥራ ልብስ) ለብሳና ሸራ ጫማ አድርጋ ስለነበር፣ እናቴ «ዶክተሩ ሲመጣ እነግረዋለሁ» ብለው ኪኒናቸውን ካቋረጡ ሦስት ሳምንት እንደሆናቸው በሆዳቸው ይዘው ቀሩ። ሐኪሟ እርሷው ራሷ እንደነበረች ያወቅነው ከወጣን በኋላ በመድኃኒት ማዘዣው ላይ ስሟን ስናነብ ነው። ሐኪም ሁሉ ነጭ ጋዎን እንዲለብስ ለምን አይገደድም?
(ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ እናትዎ ብቻቸውን አይደሉም። ታካሚ የሐኪሙን ዕውቀት የሚመዝንበት መሣሪያ ስለሌለው በዓይኑ ያየውን ይመዝናል። በአሜሪካ 10 የማስተማሪያ ሆስፒታሎች 4,062 ታካሚዎች ተጠይቀውበት እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት፣ ከግማሽ የሚበልጡት የሐኪም አለባበስ ቦታ የሚሰጡት ጉዳይ መሆኑን ሲገልጹ፣ በጥቅሉ ከሁሉ አብልጠው የወደዱት ሥርዓት ባለው ልብስ ላይ የተደረበ ነጭ ጋዎን ነበር። በእኛ ዘንድ ደግሞ ነጭ የክብረ በዓልና የቤተ ክርስቲያን ልብስ በመሆኑ ለእናትዎ ክብደቱ ሳይጨምር አይቀርም።

ይሁንና ጋዎኑ ራሱ የቅርብ ጊዜ ልብስ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓና የአሜሪካ ሐኪሞች ሕሙማንን የሚያዩት ጥቁር ካፖርት ለብሰው ነበር፤ ነጩ የገባው የበሽታ መንሥኤ ጀርም መሆኑ ከታመነ በኋላ፣ በዘመኑ መጨረሻ ላይ ነው። እንግሊዝ ግን እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው መመሪያ የባለሙያዎች ክንድ ከክርን በታች ባዶ እንዲሆንና እጅ በሚገባ እንዲታጠብ በመጠየቋ፣ እጅጌ ረጅሙ ጋዎን ከሆስፒታሎቿ እየወጣ ሄደ። ጋዎናቸውን እንደለበሱ ከሆስፒታል አጥር ውጭ ሻይ ቤት የሚቀመጡትን ባየሁ ቁጥር ይህ መመሪያ ትዝ ይለኛል።

ከጥያቄዎ ይበልጥ ያቆመኝ ግን ልብሱ ሳይሆን «ዶክተሩ ሲመጣ» የሚለው አነጋገር ነው። እናትዎ የጠበቁት ጋዎን ብቻ ሳይሆን ወንድ ሐኪም ጭምር ነበር። በየሕክምና ተቋማችን የላቦራቶሪ ባለሙያውም፣ ፋርማሲስቱም፣ ተማሪውም ነጭ ጋዎን ስለሚለብሱ፣ ወንዱ ተማሪ «ዶክተር» ሲባል ሴቷ ስፔሻሊስት «ሲስተር» ተብላ ትጠራለች። ስለዚህ ግዴታው ቢወጣም የእናትዎ ግምት የሚለወጥ አይመስለኝም። ሐኪሟ ግን ከመጀመሪያው ስሟንና ሙያዋን ተናግራ፣ በግልጽ የሚነበብ ባጅ ደረቷ ላይ አድርጋ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባልተበላሸ ነበር፤ ይህን ማድረግ የእርሷ ድርሻ ነው። እርስዎም በሚቀጥለው ጊዜ «የምታክሚያቸው ሐኪም አንቺ ነሽ?» ብለው ቢጠይቁ ነውር የለበትም።

አሁን የሚያሳስበኝ ማዘዣው ነው። ሐኪሟ የዕለቱን የግፊት ልክ ያነበበችው እናትዎ ኪኒናቸውን እየወሰዱ እንደሆነ አምና ከነበረ፣ መድኃኒቱ አልበቃም በሚል መጠኑን ጨምራ ወይም ሌላ ደርባ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ በሐኪም ፊት ብቻ ግፊታቸው ከፍ የሚል ሰዎች አሉ። ስለዚህ የቀጠሮውን ቀን ሳይጠብቁ ማዘዣውንና የቀድሞውን ኪኒን ይዛችሁ ወደ ሐኪሟ ተመለሱ፤ ኪኒኑ መቼና ለምን እንደተቋረጠም እናትዎ በራሳቸው አንደበት ይንገሯት።