ፕሮጀክት በመጣ ቁጥር እኛ ለምን እዛው ነን?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ ከአርሲ ነኝ፣ የራሴ መሬት የለኝም፣ የሰው መሬት በእኩል እያረስኩ ነው የምኖረው። ወረዳችን ላይ የእርሻ ፕሮጀክት ጠፍቶ አያውቅም፣ መኪናው ይመጣል ስልጠናው ይሰጣል ምርጥ ዘር ይከፋፈላል፣ እኔ ቤት ግን ጠብ ያለ ነገር የለም። እውነት ይሄ ሁሉ ብር ድህነት ይቀንሳል ወይስ መሀል ላይ ነው የሚበላው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መሀል ላይ የሚበላ የለም ብዬ አልዋሽህም፣ የአበሉን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። ያንተ ችግር ግን እሱ ብቻ አይመስለኝም፣ ብሩ በአግባቡ ስራ ላይ ውሎም አንተን አልፎህ ሊሄድ ይችላል። ለዚህ ደግሞ ካንተው አገር የበለጠ ማስረጃ የለም፣ ሽማግሌዎቹን ስለ ካዱ ጠይቃቸው። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን ገንዘብ አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ማለቴ ነው። ማዳበሪያ በዱቤ መጣ፣ የተሻሻለ የስንዴ ዘር መጣ፣ ምርቱም የምር ጨመረ፣ ከዛ ስንዴ እንደሚያዋጣ ያዩት ባለመሬቶች ትራክተር አስገቡና ጭሰኛውን አስነሱት። ፕሮጀክቱ እኮ የተጀመረው ለትንሹ ገበሬ ተብሎ ነበር! የጭሰኝነቱ ነገር ያበቃው በፕሮጀክት ሳይሆን የካቲት 1967 በወጣው የመሬት አዋጅ ነው።

ከዛ ወዲህ ለውጥ የለም ማለት ግን አይቻልም። በመንግስት አሀዝ በ1988 ከመቶ 45.5 የነበረው ድህነት በ2008 ወደ 23.5 ወርዷል፣ የዓለም ባንክም የድህነት ጥናቱ ላይ ትልቁን ድርሻ ለግብርናው ይሰጣል። እዛው ጥናት ላይ ያለው ሌላው ነገር ነው ብዙ የማይወራለት፣ ከ1997 እስከ 2003 ባለው ጊዜ የመጨረሻዎቹ ድሆች፣ ከመቶ አስሩ ማለት ነው፣ አልተሻላቸውም። ምክንያቱም የእህል ዋጋ ሲንር ሻጩ ነው የሚጠቀመው፣ እነሱ ደግሞ ሸማች ናቸው። ማዳበሪያውም ድህነት የቀነሰው ዝናቡ ጥሩ በሆነበትና ከተማ በቀረበበት ቦታ ነው።

አሁን ያንተን ነገር እይ። ሴፍቲኔት፣ ለድሃው እህል ወይም ብር የሚሰጠው ማለቴ ነው፣ በ1997 ሲጀመር ምግብ ለሚያጥራቸው ወረዳዎች ነው የተባለው፣ የግብርና እድገት ፕሮግራም በ2003 ሲመጣ ደግሞ ደህና ለሚያመርቱት። ወረዳህ ስንዴ አምራች ከሆነ ሴፍቲኔቱ አይደርስህም፣ ዘሩና ማዳበሪያው ደግሞ ባለይዞታው ስም ላይ ነው የሚሄደው፣ አንተ መሀል ቀረህ። ሞዴል አርሶ አደር የሚባለውም ቢሆን ድሮም በሬና መሬት የነበረው ሰው ነው አይደል።

ስለዚህ የእኩል ውልህን በቃል አትተወው፣ በጽሁፍ አድርገህ ወረዳው መሬት አስተዳደር ጋ አስመዝግበው፣ ቢያንስ አራሽ መሆንህ ይታወቃል። ቀበሌ ስብሰባ ላይ ደግሞ ስንት ኩንታል ዘር መጣ ብለህ አትጠይቅ፣ መሬት ለሌለው ምን ተይዟል በል፣ በግ ማሞከት ይሁን ዶሮ ይሁን በስምህ የሚጻፍ ነገር ካለ ዝርዝሩ ሳይዘጋ ግባበት።