ፊውዙን አታሳድገው፣ ሽቦውን ፈልገው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ የምትሠራበት ሚኒባስ የኋላ መብራት ፊውዝ በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ይቃጠላል። 15 (አምፔር) የተጻፈበትን ሰማያዊውን ትተካለህ፣ ተመልሶ ይቃጠላል። አሁን አንድ ሰው «30 አድርግበትና ተገላገል» ብሎሃል። ላድርገው ወይ ነው ያልከው።

በፍጹም አታድርገው። ፊውዝ የተቀመጠው ለአምፖሉ አይደለም፣ ለሽቦው ነው። ወደ ኋላ መብራት የሚሄደው ሽቦ ቀጭን ነው። የሆነ ቦታ ቆርቆሮ ከነካ ብዙ ከረንት ይስባል፣ 15ቱ ቶሎ ይበጠስና ሽቦውን ያድነዋል። አረንጓዴውን 30 ካስገባህ ግን ፊውዙ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ የሚቃጠለው ሽቦው ይሆናል። የሚቃጠለውም ብቻውን አይደለም፣ አብረውት የታሰሩትን ይዞ ነው።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በመኪና ኤሌክትሪክ 16 ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ቀን የገባልኝን ሚኒባስ አልረሳውም። ሹፌሩ ከአዲስ አበባ ሲመለስ አመሸበት። ፊውዙ እየተቃጠለ አላስኬድ ስላለው አንድ ጋራዥ በፊውዙ ቦታ የመዳብ ክር ጠምዝዘው ሰጥተውታል። የአባይን በረሃ ወጥቶ ደጀን ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው የላስቲክ ሽታ መጣ። ወዲያው መብራቱ በሙሉ ድርግም አለ፣ የፊቱም የኋላውም። ያን መንገድ ታውቀዋለህ፤ በአንድ በኩል ግድግዳ፣ በሌላው ገደል ነው። ከኋላው ደግሞ ከባድ መኪና እየወጣ ነበር። እግዜር ይመስገን፣ ዳር ይዞ ቆመ፣ ጎማው ላይ ድንጋይ አደረጉ፣ ሰዉ ወረደ።

በማግስቱ ዳሽቦርዱን ፈታሁት። የሽቦው እስር አውራ ጣት ያህላል፣ ቀልጦ እንደ ጥቁር ሰም ተያይዟል። በቢላ ፈልፍዬ ስለያየው የኋላ መብራቱ ሽቦ ልብሱን ጨርሶ አውልቋል። መዳቡ ጠቁሮ ነካ ስታደርገው ይሰበራል። የፊት መብራቱም የፍሬኑም ሽቦ ከእሱ ጋር ተጣብቋል። መነሻውን ፍለጋ ወደ ኋላ ሄድኩ። በኋላ በር ማጠፊያ በኩል ሽቦው የሚያልፍበት ላስቲክ ተቀዷል። እዚያ ላይ ምስር ፍሬ የምታህል የተላጠች ቦታ አገኘሁ። ለእሷ ሲባል ሙሉ እስሩን ቀየርን። አራት ቀን ፈጀብኝ፣ መኪናውም አራት ቀን ከሥራ ቆመ።

ስለዚህ አንተም እዚያው ጀምር። የኋላ በር በቀን መቶ ጊዜ ይከፈታል ይዘጋል፣ ሽቦውም አብሮ ይታጠፋል። ቀጥሎ የመብራቱን ሶኬት ክፈት። በክረምት ውኃ ገብቶ አረንጓዴ ዝገት ካበቀለ እሱም ያቃጥልብሃል። ከዚያ የተጨመረ ነገር ካለ እይ። ጣሪያው ላይ የጌጥ መብራት፣ ቴፕ፣ የስልክ ቻርጀር፤ ብዙ ጊዜ ሁሉም የሚቀጠሉት በዚሁ ቀጭን ሽቦ ላይ ነው። ተጨማሪ መብራት ከፈለግህ የራሱ ሪሌ (በትንሽ ከረንት ትልቁን የሚያበራ የሚያጠፋ ማብሪያ) እና የራሱ ፊውዝ ይኑረው። ፊውዙም ባትሪው አጠገብ ይሁን።

በዓይን ካላገኘኸው ፊውዝ እየገዛህ አትጨርስ። የፍሬቻ አምፖል፣ 12 ቮልት 21 ዋት፣ ሁለት ሽቦ አስረህ በፊውዙ ቦታ ሰካው። የኋላ አምፖሎቹን ሁሉ አውጣቸውና ማብሪያውን ክፈት። አምፖልህ ቦግ ብሎ ከበራ ሽቦው ቦዲ ነክቷል ማለት ነው። ከ2 አምፔር በታች ስለሚያሳልፍ የሚቃጠል ነገር የለም። አሁን አንድ ሰው አምፖሉን እያየ አንተ እስሩን ከፊት ወደ ኋላ እየነካካህ ሂድ። ድንገት የጠፋበት ቦታ ቁስሉ እሱ ነው። ቆሞ ካልበራ በሩን ክፈት ዝጋ፣ መኪናውን ወዝውዘው። አንዳንዱ ኮረኮንች ላይ ብቻ ነው የሚነካው።

ሽቦ ልትቆርጥ ስትል ባትሪውን ፍታ፤ መጀመሪያ ነጌቲቩን። ቦዲው በሙሉ ነጌቲቭ ስለሆነ ፖዘቲቩን ቀድመህ ስትፈታ ቁልፍህ ቆርቆሮ ከነካ እሳት ይተፋል። አንድ ልጅ የእጁን ቀለበት እንዲህ አግሎበት ጣቱ እስከ ዛሬ ጠባሳ አለው። ቀለበትና ሰዓት አውልቅ። ስትመልስ ነጌቲቩ መጨረሻ ይታሰር። ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ የሚወጣው ጋዝ ይፈነዳልና አጠገቡ ሲጋራ አይታሰብም። ቢጫ ሶኬትና ቢጫ ሽቦ ካየህ የኤርባግ ነው፣ በአምፖልም በቴስተርም አትንካው።

የቆሰለውን ሽቦ ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል ለአንድ ወር ነው። ሙጫው በሙቀት ይለቃል፣ ውኃ ይገባል። በተመሳሳይ ውፍረት ሽቦ ተካው፣ በደንብ ይበየድ፣ በሙቀት የሚጠብቀው የፕላስቲክ ቱቦ ይልበስ። በበሩ በኩል ላለው ደግሞ ላስቲኩን አዲስ አድርግለት፣ አለዚያ ከዓመት በኋላ እዚያው ይላጣል።

አንድ ነገር ብቻ አልጻፍክም፤ ፊውዙ የሚቃጠለው መኪናው ቆሞ ነው ወይስ ሲሄድ? ፍሬን ስትይዝስ የኋላው መብራት ይደክማል? ከደከመ የማሳው ሽቦ፣ ማለትም መብራቱን ከቦዲው ጋር የሚያገናኘው ነጌቲቭ፣ ላልቷል፣ እሱንም ፈተህ አጽዳው። ነገ ረዳትህ በሩን ሲከፍት አንተ አምፖሉን እይና ያየኸውን እዚሁ ጻፍልኝ። እስከዚያ ማታ አትሥራበት።