የሰፋሪ ዘር ሐረግ መፈለግ እንጀራ ይሆናል ወይ?

ውድ ጠያቂዬ፣

ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ታሪክ የምትማሪ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። በትርፍ ሰዓትሽ የምትረጃቸው አንዲት አዛውንት አሜሪካዊት፣ በ1620 እንግሊዛውያን ሰፋሪዎችን ወደ አሜሪካ ባመጣችው በሜይፍላወር መርከብ ከመጣው ከጆን ሃውላንድ እንደሚወለዱ ሲነገራቸው አድገዋል። ይህንን በማስረጃ እንድታረጋግጪላቸው ይፈልጋሉ፤ ገንዘብም ሊከፍሉሽ ፈቅደዋል። ሥራው ልብሽን ገዝቶታል። እናትሽ ግን «የፈረንጅ ዘር ቆጥሮ ማን ኖረ?» ብለውሻል። አንቺም ኢትዮጵያዊት ሆኜ ማን አምኖ ይቀጥረኛል ብለሽ ሰግተሻል።

ከስጋትሽ ልጀምር። የዘር ሐረግ ጥናት በአሜሪካ የታወቀ ሙያ ነው። አጥኚዎችን መዝኖ የምስክር ወረቀት የሚሰጥ ቦርድ ከ1964 ጀምሮ አለ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰጃቸው)። ቦርዱ የሚመዝነው አመልካቹ ያቀረበውን የሥራ ናሙና ነው፤ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ በማስረጃ ተደግፎ፣ የሚጋጩ መረጃዎች ተነጻጽረው፣ መደምደሚያው በጽሑፍ ተብራርቶ። ዲግሪ እንኳን ግዴታ አይደለም። አያቶችሽ ጎንደር ይወለዱ ቦስተን የሚጠይቅሽ የለም።

ለእናትሽ ደግሞ እሳቸው የሚያውቁትን ንገሪያቸው። በጎጃምና በጎንደር ርስት የሚጠይቅ ሰው ከአቅኚው አባት እስከ ራሱ ድረስ ትውልዱን ቆጥሮ በዳኛና በሽማግሌ ፊት ማስረዳት ነበረበት። ዘር መቁጠር ያን ጊዜም የመሬትና የእንጀራ ጉዳይ ነበር፤ አንዲት ትውልድ ከተዘለለች ርስቱ ይታጣል። አሜሪካም ውስጥ የሟች ወራሽ የሚያፈላልጉ ጠበቆች፣ የጠፉ ወታደሮችን ዘመዶች የሚፈልገው ጦር ሠራዊት፣ አባሎቻቸውን በትውልድ የሚቀበሉ ማኅበራት ሁሉ ይህንን ሥራ በገንዘብ ያሠራሉ።

አሁን ወደ አዛውንቷ ጉዳይ እንግባ፤ ሙያውን የምትማሪው እዚያ ላይ ነውና። ከሃውላንድ አትጀምሪ። ከእሳቸው የልደት ምስክር ወረቀት ጀምረሽ ወደ ወላጆቻቸው፣ ከዚያም ወደ አያቶቻቸው በየትውልዱ ወደ ኋላ ሂጂ። በእያንዳንዱ እርምጃ «ይህ ሰው የዚያ ሰው ልጅ መሆኑን የሚናገር ሰነድ የትኛው ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ብዙ ጀማሪዎች ከመርከቡ ተነሥተው ወደ ታች ሲወርዱ ስሙ የገጠመውን ሁሉ እየሰበሰቡ ይመጣሉ፤ የሰበሰቡት ግን የሌላ ሰው ቤተሰብ ሊሆን ይችላል።

የሃውላንድ ታሪክ ራሱ ለምን መጠንቀቅ እንደሚያስፈልግ ያሳያል። ሃውላንድ ሰፋሪዎቹ ማሳቹሴትስ ውስጥ የመሠረቷት የፕሊመዝ የመጀመሪያ ገዢ የነበረው የጆን ካርቨር አገልጋይ ነበር። በማዕበል ከመርከቡ ላይ ወድቆ ገመድ ይዞ የተረፈው እሱ ነው። ዘሮቹ ለብዙ ዘመን ያገባት የካርቨርን ልጅ ነው እያሉ ኖሩ፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባቆሙለት የመቃብር ድንጋይ ላይም ይህንኑ ቀረጹበት። ከዚያ ከቦስተን ጠፍቶ የነበረው፣ ከካርቨር ቀጥሎ ገዢ የሆነው የዊልያም ብራድፎርድ የእጅ ጽሑፍ በለንደን ጳጳስ ቤተ መጻሕፍት ተገኘና በ1856 ታተመ። ብራድፎርድ ሃውላንድንም ካርቨርንም በቅርብ የሚያውቅ ሰው ነው። ሃውላንድ ያገባው የጆን ቲሊን ልጅ ኤልሳቤጥን መሆኑን ጽፏል፤ ወላጆቿ በመጀመሪያው ክረምት የሞቱባት ልጅ ናት። በድንጋይ የተቀረጸውን በወረቀት የተጻፈው አሸነፈው፤ ምክንያቱም ጸሐፊው በጊዜው የነበረ፣ ነገሩንም የሚያውቅ ምስክር ነው። ማስረጃ የምትመዝኚው እንደዚህ ነው።

የኤልሳቤጥን የ1686 ኑዛዜ አንብቢው። ሴቶች ልጆቿን ሊዲያ ብራውን፣ ኤልሳቤጥ ዲኪንሰን፣ ሐና ቦስዎርዝ እያለች በባሎቻቸው ስም ትጠራቸዋለች። ሴት ስታገባ ስሟ ስለሚለወጥ፣ በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ሐረግ የሚበጠሰው በሴቶች በኩል ነው፤ እንዲህ ያለ ኑዛዜ የተበጠሰውን ይቀጥላል። ቀኖቹንም አስተውይ። እንግሊዞችና ቅኝ ግዛቶቻቸው እስከ 1752 ድረስ ዓመት የሚለውጡት በማርች 25 ነበር። ስለዚህ የሃውላንድ የሞት ቀን ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1672/3 (በድሮው 1672፣ በዛሬው 1673) ተብሎ በሁለት ዓመት ይጻፋል። በሁለት የዘመን አቆጣጠር ላደግሽው ለአንቺ ይህ አይከብድሽም። የዚያን ዘመን የእጅ ጽሕፈት ማንበብ ግን ልምምድ ይጠይቃል፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መስመር እየገለበጥሽ ተለማመጂ።

የሃውላንድ የመጀመሪያዎቹ ትውልዶች ብዙ የደከሙባቸው ናቸው፤ የሜይፍላወር ተወላጆች ማኅበር በብዙ ቅጽ አሳትሟቸዋል። ፈተናሽ የሚጠብቅሽ መሐል ላይ፣ ከ1780ዎቹ እስከ 1850 ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ዘመን ቤተሰቦች ከማሳቹሴትስ ተነሥተው ወደ ኒው ዮርክና ኦሃዮ ፈለሱ። ከ1790 እስከ 1840 የተደረጉት ቆጠራዎች ደግሞ የቤቱን ኃላፊ ስም ብቻ ጽፈው ሌላውን በዕድሜና በጾታ በቁጥር ያልፉታል። እዚህ ላይ የመሬት ሽያጭ ውሎች፣ የውርስ ፋይሎችና አሜሪካ ከእንግሊዝ ነፃ የወጣችበት የአብዮቱ ጦርነት የጡረታ ማመልከቻዎች ያድኑሻል። የወታደር ሚስት የነበረች መበለት ጋብቻዋን ማስረዳት ስለነበረባት፣ የልጆቿ ልደት የተጻፈበትን ገጽ ከቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ቀድዳ ከማመልከቻዋ ጋር የላከች አለች። ያ ገጽ ዛሬ በዋሽንግተን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ፋይል ውስጥ ይገኛል፤ ከቤትሽ ሩቅ አይደለም።

ከአዛውንቷ ገንዘብ ከመቀበልሽ በፊት በጽሑፍ ተዋዋሉ። ክፍያው ፍለጋው ለወሰደብሽ ሰዓት ነው፤ ለውጤቱ አይደለም። ጉስታቭ አንዡ የሚባል ሰው ከመቶ ዓመት በፊት ለአሜሪካ ባለጸጎች ደስ የሚላቸውን ሐረግ እየፈጠረ ሸጦ ነበር፤ ያኔ የጨመረው ሐሰት ዛሬም በየቤተሰቡ ዛፍ ላይ ይገኛል። ደንበኛሽን አክብሪያቸው፤ ግን «አልተረጋገጠም» ብሎ ለመጻፍ ድፍረት ይኑርሽ።

ስለ ገቢው ግልጽ ልሁን። በግል የሚሠሩ ሰዎች የመጀመሪያ ዓመታት ገቢ ወጣ ገባ ነው። ስለዚህ ዲግሪሽን ጨርሺ፤ ከዚያ በቤተ መጻሕፍትና በመዛግብት ሙያ ሁለተኛ ዲግሪ ያዢ። ኮሌጅ ፓርክ የሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ይህንን ያስተምራል። የመዛግብት ሠራተኛ ሆነሽ ደመወዝ እያገኘሽ የራስሽን ደንበኞች ማፍራት ትችያለሽ። የጥቁር አሜሪካውያንን ሐረግም እንድታጠኚ እመኛለሁ። በባርነት የነበሩት አብዛኞቹ በስማቸው የተቆጠሩት ገና በ1870 ስለሆነ፣ ከዚያ ወደ ኋላ የሚሻገር አጥኚ በጣም ይፈለጋል።

በዚህ ሳምንት ውሉን አርቅቂ፤ የአዛውንቷን፣ የወላጆቻቸውንና የአያቶቻቸውን የልደትና የጋብቻ ሰነዶችም ጠይቂ። ሦስቱ ትውልዶች ሲሟሉልሽ ሪፖርቱን ጽፈሽ ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።